አባሲያ፣ ቡትሮስ ጋሊ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን

ካይሮ የነበረኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቀን አባሲያ ለሚባለው ሰፈር ሰጠሁት። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ ዜና ስማቸው ሁለቴ የሚጠራው የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ የተቀበሩት እዚያ ነው። ያኔ ዜና አንባቢው የተንተባተበ ይመስለኝ ነበር።

በሩ ላይ ፍተሻው ጠንካራ ነው። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቅዳሴ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ምእመናን አልቀዋል። ዘበኛው ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጎ «ሐበሺ!» ብሎ ሳቀ። ቦርሳዬን ግን ሁለቴ በረበረው።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው የእሳቸው ቤተሰብ ነው። አያታቸው ቡትሮስ ጋሊ ፓሻ የግብፅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ1910 በጥይት ተገደሉ። ቤተሰቡም መቃብራቸው ላይ ይህን ሠራ። ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሞዛይክ በሻማ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ከአያታቸው ጋር እዚሁ ያረፉት የልጅ ልጅ ገና በ1922 ነው የተወለዱት። ስሙን እንጂ ሰውየውን አላወቋቸውም።

የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። በ1977 ፕሬዚዳንት ሳዳት ከእስራኤል ጋር ስለ ሰላም ለመነጋገር ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ ሲሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ጥለው ወጡ። ቡትሮስ ጋሊ አብረው በረሩ። ከዚያ እስከ 1991 ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ከረሙ፤ ዋናው ወንበር በቋሚነት አልተሰጣቸውም። ኮፕት (የግብፅ ክርስቲያን) ስለሆኑ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው።

የአፍሪካን ጉዳይ አጥብቀው የያዙት እሳቸው ነበሩ። ቀጣዩ ጦርነት በናይል ውሃ ሊነሳ ይችላል የሚለው ማስጠንቀቂያም ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ጆሮ አይጥምም። መቃብር አጠገብ ቆሞ ከሟች ጋር መከራከር ግን ነውር ነው፤ ዝም አልኩ።

በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የሩዋንዳም፣ የቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻም እልቂቶች በእሳቸው ዘመን ነው የደረሱት። በ1996 ለሁለተኛ ዘመን ሲቀርቡ ከፀጥታው ምክር ቤት 15 አባላት 14ቱ ደገፏቸው። የቀረችው አንዷ አሜሪካ ነበረች፤ ድምፅን በድምፅ ሻረችው።

ወጥቼ የቅዱስ ማርቆስን ካቴድራል ቀና ብዬ አየሁ። በ1968 ሲመረቅ ጃንሆይ ከግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ጋር እዚህ ነበሩ። ፓስፖርቴን ልቀበል ስመለስ ዘበኛው እጁን እንደ ግንብ አቁሞ «ሰድ አል ናህዳ!» አለኝ። ግድባችንን ማለቱ ነው። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ፓስፖርቴን ይዤ ቶሎ ወደ ሜትሮው ወረድኩ።