ሰብለን ለመሆን ሐረጎን በእግሬ ወረድኩ

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት። አስተማሪያቸው «ከልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ማንን መሆን ትፈልጋላችሁ? ለምን?» ብሏቸው ደብተሯን ይዛ ቡና ላይ ከተፍ አለች። «አንቺ ብትሆኚስ?» አለችኝ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን ጣል አደረግኩ፤ «ጉዱ ካሳን!»

እናቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ?» አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጉዱ ካሳ ያለበትን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማችው። ዛሬም ስልኬ ላይ ከፍቼላት ምስር እየለቀመች ትሰማዋለች። ስለዚህ ሳቋ ከነከነኝ። ጉዱ ካሳን ለምን አልሆንም? ዋና ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያሉት ባላባት ዘመዶቹ ፊት ቆሞ ያሰበውን ስለሚናገር ነው። እኔም መናገር አያቅተኝም አልኩ።

እስቲ ልሞክረው ብዬ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። እንደወትሮው ድንኳን ተቀደደ፣ ሳህን ጠፋ እየተባለ ነበር። «ቀብር የቀረ ይቀጣል እንላለን። ሰብሳቢው ሲቀሩ ማን ቀጣቸው?» አልኩ። ጸጥ አለ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አጠገቤ የነበሩ አባት ነጠላዬን ሳብ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ በለሆሳስ። ቁጭ አልኩ። መልስ አልተሰጠኝም፤ ወደ ሳህኑ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። ጉዱ ካሳ የዕለት ሥራው ያደረገውን እኔ አንዴ ሞክሬ በሽተኛ ሆንኩ። ሰውየውን እወደዋለሁ። መሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

የሰብለ ወንጌልን ፍቅረኛ በዛብህን ወዲያው ሰረዝኩት። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ተስላበት፣ ሌላ ሰው ወስኖለት ያደገ ልጅ ነው። አዝንለታለሁ፤ በቃ።

ሰብለ ወንጌል ቀረች። ሰው ሁሉ እሷን ሲያነሳ ፍቅሯን ያወራል። እኔን የያዘኝ እግሯ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ በግቢ ታጥራ ያደገች (ወንዝ ወርዳ ውሃ የቀዳች አይመስለኝም)፣ አንድ ቀን የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከጎጃም አዲስ አበባ በእግሯ ለመድረስ ተነሳች። እኔ ደግሞ እዚሁ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሆጤ ባጃጅ የምጠብቅ ሴት ነኝ።

የእሷን መንገድ ባልችል ከደሴ ኮምቦልቻ ይበቃኛል አልኩ። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግን ቁልቁለት ስለሆነ ናቅኩት። ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ወጣሁ። ሐረጎ ላይ ስደርስ ነው ቁልቁለት ምን እንደሆነ የገባኝ። ጉልበቴ እንደ ቄጠማ ተንቀጠቀጠ። አውራ ጣቴ በሸራ ጫማዬ ውስጥ ያብጥ ጀመር። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይለኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አልፈዋለሁ።

አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ሽቅብ እየመጣች ነበር። እኔ ባዶ እጄን አነክሳለሁ፤ እሷ ያን ሁሉ ይዛ ትንፋሿ እንኳ አልተዛባም።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ኮምቦልቻ።»

«መኪና የለም እንዴ?»

«አለ።»

ትንሽ አሰበችና «ስለት አለብሽ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የመጽሐፍ ሰው ልሆን ነው ልበላት? «አዎ» አልኳት። «ይድረስልሽ» ብላኝ ሽቅብ ቀጠለች። ሳትርቅ ሚኒባስ አስቁሜ ገባሁ። ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም።

እንዲህም ሆኖ ምርጫዬን አልቀየርኩም። ብቻ ጠበብ አደረግኩት። የሰብለን ዕድሜ ሙሉ አልፈልገውም፤ መጨረሻው መቃብር መሆኑን ርዕሱ ራሱ ይናገራል። የምፈልገው ያንን የተነሳችበትን ቀን ነው። አባቷ ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል ሳትል እግሯን ያነሳችበትን። ደግሞ እድሩ ላይ እንደሆንኩት አልሆንኩም። ያን ቀን ማታ እግሬ እየጠዘጠዘኝ ጥግብ ብዬ ተኛሁ፤ በማግስቱም ልድገመው ልድገመው አለኝ። ማንን መሆን እንደምፈልግ ሳስብ ከከረምኩት ይልቅ እግሬ ቶሎ ነገረኝ።

እናቴ በጨው ውሃ እግሬን እያሸች «ሰብለን ማን አሸላት ይሆን?» ትላለች። የእህቴ ልጅ ደብተሯን ዘግታ ጨርሳለች። ማንን መረጥሽ ብላት፣ «ፊታውራሪ መሸሻን» አለችኝ። «እሱን የሚያዘው የለማ!»