ላንገባን፦ ጠዋት ለልጆች፣ ከሰዓት ለካይት

ከኬፕታውን ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ለካይት (ነፋስ በሚያነሳው ሸራ እየተጎተቱ በሰሌዳ ውሃ ላይ ለመንሸራተት) የባሕር ዳር ከተማዋ ላንገባን በጠዋት ስትደርሱ፣ ነፋስ የለም ብላችሁ እንዳትበሳጩ። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ እንደኛው በጋ፣ የደቡቡ ነፋስ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ነው። እስከዚያ ዳርቻው የልጆች ነው። ቦታው ከአትላንቲክ ወደ ውስጥ የገባ ሐይቅ መሰል ውሃ ስለሆነ ትልቅ ማዕበል አይደርስበትም፣ ከውጭው ውቅያኖስም ይሞቃል (የውጭውንማ ተዉት፣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል)።

እዚያው ያለው ሻርክ ቤይ («የሻርክ ወሽመጥ» ማለት ነው) ስሙ ያስፈራል እንጂ ለጀማሪ የሚመች ነው፤ ጥልቀት ስለሌለው የወደቀ ሰው ቆሞ ካይቱን ያስተካክላል። ዋናው ዳርቻ ላይ ግን ካይት ሲነሳ ልጆቻችሁን ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል አታስቀምጡ። ገመዶቹ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ሲወጠሩ ቆዳ ይቆርጣሉ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ ከዞረማ፣ እኔ በበኩሌ አልገባም።