የሳነቴ ውርጭ

ትናንት ለገጣፎ መውጫ ላይ ያለች አንዲት ጋራዥ መኪናዬን አስገባሁ። መካኒኩ ወጣት ነው። «ረጅም መንገድ ነው እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ። «ለገና ልጆቹን ይዤ ባሌ ልወጣ ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ ውርጭ እንዲያዩ» አልኩት።

የያዘውን ሥራ ትቶ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ጣቱን ነከረና አየው። ውሃ ብቻ ነው።

«እዚህ ችግር የለውም። እዚያ ሌሊት ውጭ ካደረ ግን በረዶ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ደግሞ ያብጣል፤ ራዲያተሩን ይሰነጥቀዋል፤ ከባሰም የሞተሩን ብሎክ።» ውሃውን አፍስሶ ኩላንት፣ ማለትም ውሃው በቀላሉ በረዶ እንዳይሆን የሚያደርገውን ፈሳሽ፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቀለ። ሞልቶ ሲያበቃ ሞተሩን አስነሣና ውስጡ የቀረው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሌላ ባለመኪና እየጠራው እንኳ አልቸኮለም። «ልጆች አሉበታ!» አለ። ይህችን ንግግሩን ሳስባት አመሸሁ።

ልጆቼ በረዶ የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ ይመስላቸዋል። ሳነቴ ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሰማዩ ስለሚጠራ የቀኑ ሙቀት ሌሊት አይቆይም፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርድና ሣሩ ነጭ ለብሶ ይነጋል። ቀይ ቀበሮም የሚያድነው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አገር እያላቸው ሳያዩት እንዲያድጉ አልፈልግም።

ከፍታው ራስ ስለሚያዞር መጀመሪያ ከሳነቴ ዝቅ ባለችው በዲንሾ ከተማ አድረን ልንለምደው አስበናል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ለማለዳው ምን ምን እንዳለበሳችኋቸው ጻፉልኝ።