ስምና ዘመን በዋቢ ዝርዝር

ሰኔ ገባና ጠረጴዛዬ በመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቆች ተሞላ። እኔ ረቂቅ የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው፤ አስቀድሜ ዋቢዎቹን፣ ቀጥሎ አምስተኛውን ምዕራፍ፣ ከዚያ መግቢያውን። ዋቢው ላይ የተጠነቀቀ ተማሪ ትንተናው ላይም ሲጠነቀቅ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዛሬ በያዝኩት ረቂቅ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው ሰፍረዋል። በተማሪዋ አልፈርድም። ኤፒኤ የሚባለው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የዋቢ አጻጻፍ መመሪያ የቤተሰብ ስም ይቅደም ይላል፤ ዋቢ የሚያደራጅላት ፕሮግራምም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ዘውዴ አባት ናቸው፤ የጻፉት ልጅየው ናቸው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም በአባቱ ስም ሲመዘገብ እያየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠናው መዝገበ ዕውቀት፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን የሚያሰፍረው በራሳቸው ስም ነው። ለፕሮግራሙም መላ አለ፤ ዞቴሮን የመሰለው ሙሉ ስምን ሳይከፋፍሉ በአንድ ሳጥን ማስገባት ይፈቅዳል። ይህንኑ በኅዳጉ ጻፍኩላት።

ከስሙ የባሰብኝ ዘመኑ ነው። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ «1966» ተብሎ ብቻ ተቀምጧል፤ ከላይም ከታችም ያሉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንዲህ ያነበበ ሰው መጽሐፉ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ይመስለዋል፤ የወጣው ግን በዚያው በፈነዳበት ዓመት ነው። ስለ ሳንሱር የምትከራከርበት ንዑስ ርእስ ደግሞ በሙሉ በዚህ ዓመት ላይ የቆመ ነው! «ዓ.ም.» የምትለዋን ጨምሮ እንዳለ መተው ይሻላል። የታተመበት ወር ካልታወቀ ሰባት ይደመር ወይስ ስምንት አይታወቅምና፣ መለወጥ ግድ ከሆነ «1973/74 እ.ኤ.አ.» ማለት ነው።

የፊደል ቅደም ተከተሉንም ለኮምፒውተር መተው አያዋጣም። «ኀ» ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከ«ተ» እና ከ«ቸ» በኋላ ስለተቀመጠ፣ ኃይሉ ከተስፋዬ በታች ይወርዳል፤ በሀሌታው «ሀ» የጻፈው ሀይሉ ደግሞ ዝርዝሩን ይመራል። ፊደሉን ለማስተካከል ሲባል ግን የደራሲ ስም አይነካም። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳለ ይጻፍ፤ አንዱን ቅደም ተከተል መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው።

ስለ ምዕራፎቹ ብዙ አልልም። መግቢያ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ የጥናቱ ዘዴ፣ ትንተና፣ ማጠቃለያ፤ አምስቱን ሁሉም ያውቃቸዋል። የሚጎድለው መያያዛቸው ነው። ምዕራፍ አንድ ሦስት ጥያቄ ካነሣ፣ ምዕራፍ አራት በዚያው ተራ ሦስቱን ይመልስ፤ አምስተኛውም እንደዚያው። የዚህች ልጅ ሁለተኛ ጥያቄ ምዕራፍ አራት ላይ የለም። መረጃው ግን አላት፤ በአባሪ ሁለት ያለው ቃለ መጠይቅ በቀጥታ ይመልሰዋል። ወደ ትንተናው እንድታመጣው ምልክት አደረግኩበት።

በጽሑፉ መጀመሪያ የሚቀመጠውን አጭር መግለጫ፣ አጠቃሎውን፣ አላነበብኩትም። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ እንደ አዲስ መጻፉ አይቀርም። ስለ ስምና ስለ ዘመን አጻጻፍ ግን በትምህርት ክፍላችን መመሪያ ውስጥ አንድ ገጽ እንዲገባ ለሰኞው ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ።