ፈረንጅ አራዳ ያየሁት ቤት

ዛሬ ከአክስቴ ጋር ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የሚሸጥ ቤት ልናይ ሄድን። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) የተሠራ ቪላ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ በረንዳው ደግሞ ሰርግ የሚያስደግስ። ግቢው ውስጥ አቮካዶ፣ ቡና፣ ጥግ ላይ ትልቅ ዝግባ። ጅማ ዝናብ አይነሳትም፣ ቅጠሉ ሁሉ ያብረቀርቃል።

የቤቱ ባለቤት እማማ ሳያውቁን ቡና አፈሉልን። "በ67 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያለን ይሄው አንዱ ስለነበር ተረፈልን" አሉ። ስድስት ልጅ አሳድገውበታል፤ አሁን ብቻቸውን ናቸው።

ደላላው እዚያው እሳቸው ፊት "ዋናው ቦታው ነው፣ አፍርሶ ፎቅ ማቆም ነው" አለ። እማማ ጀበናውን አስተካከሉ እንጂ ምንም አልመለሱም። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ። በእጅ የተላገ የእንጨት መስኮት፣ እስካሁን አንድ ጠብታ ያላስገባ፣ እንዴት ይፈርሳል ይባላል?

ስንወጣ እማማ እስከ በሩ ሸኙን። አክስቴን ክንዷን ይዘው "ልጄ፣ በጅሬን ኮረብታ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር የጓዳውን መስኮት ቀድመሽ ዝጊ" አሏት። ገና ዋጋ እንኳ አልተነጋገርንም ነበር።

ባጃጅ ውስጥ አክስቴ ብዙ ዝም ብላ ቆየች። "ከገዛሁት ዝግባውንም አልነካውም" አለችኝ።