ጋሪ የቀደማት የስፖርት መኪና

በቤተሰባችን ስለ መኪና ያውቃል ተብሎ የሚታመነው እኔ ነኝ። ይህን ማዕረግ ያገኘሁት አንዲት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ስላለችኝ ነው። ዲኤክስ ያለው ሰው ሳይወድ በግዱ ስለ መኪና ያውቃል። የእኔዋ ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ያችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ አንድ አዲስ ነገር ሳታስተምረኝ ደርሳ አታውቅም። ስለዚህ ታላቅ እህቴ «ልጄን መኪና ሊገድልብኝ ነውና መጥተህ አንድ በለው» ብላ ስትጠራኝ መጠራቴ አልገረመኝም።

ልጁ 24 ዓመቱ ነው። ከአባቱ ጋር ቡና ይነግዳል፤ ያለፈው የቡና ወቅት ደግሞ ፊቱን አላዞረባቸውም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም። ገንዘብና መንጃ ፈቃድ በአንድ ዓመት ውስጥ እጁ የገቡለት ወጣት ምን እንደሚያስብ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እኔ በእሱ ዕድሜ ያገኘሁት መንጃ ፈቃዱን ብቻ ስለነበር በሰላም አርጅቻለሁ።

የመረጣት መኪና ቶዮታ 86 ትባላለች። ቶዮታ ከሱባሩ ጋር ሆኖ የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለች፣ ባለ 2 ሺህ ሲሲ ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሁለት በር ብቻ። ይህን ሁሉ ልጁ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ከቆመችበት ተነሥታ 100 ለመግባት 8 ሰከንድ አይሞላትም አለ።

«የት ላይ ነው 100 የምትገባው?» አልኩት።

«በፍጥነት መንገዱ ላይ ነዋ ጋሼ!»

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የታቀደው የፍጥነት መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ተከፍቶ መኪና ይመላለስበታል፤ ወደ እኛ የሚመጣው ግን ገና በሥራ ላይ ነው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ በመኪናው ለመሮጥ መጀመሪያ ባቱ ድረስ ቀስ ብሎ መሄድ ይኖርበታል ማለት ነው።

ደላላው ዋጋዋን ሲነግረኝ የቦታ ዋጋ የሰማሁ መስሎኝ «ካርታ አላት?» አልኩት። «ሊብሬ አላት» አለኝ፣ ሳይስቅ። ቀጥሎም የዋጋዋን ምክንያት አስረዳኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር፤ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ይደርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. ይባስ ብሎ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። «ስለዚህ ጋሼ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለች መኪና አትገባም። ያለችው ያለች ናት» አለ። መለዋወጫዋም ያለው ያለ መሆኑን እሱ አልነገረኝም፤ እኔም ለእህቴ አቆየሁት።

እትዬ የሰጠችኝ ተልዕኮ ግልጽ ነበር። «ሲሞክራት አብረኸው ተቀመጥ። ሲበር ታያለህ፤ ያየኸውን ደግሞ ተመልሰህ በአባቱ ፊት ትናገራለህ።» ንግግሬን ከወዲሁ አሰናድቼ ነበር። የወጣት የመጀመሪያ መኪና መካኒኩ ስሟን ሳይጠይቅ ኮፈኗን የሚከፍታት መሆን አለባት የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ስለ መድንም ጨምሬበት ነበር፤ የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ይከፈላል፣ የራስን መኪና የሚሸፍነው ግን አረቦኑ በመኪናዋ ዋጋ ስለሚሰላ ወላጅን ያስነጥሳል የሚል። አሁንም ቢሆን ጥሩ ንግግር ነው፤ ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝነኛል።

መኪናዋ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ቀይ ናት። የዲኤክሴን ሕይወት በእጁ የያዘውን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ዙሪያዋን ዞረ፣ ተንበርክኮ ሥሯን ለማየት ሞከረ፣ ጭንቅላቱ አልገባ ቢለው ስልኩን አስገብቶ ፎቶ አነሣት። ቀጥሎ ከመሬት ያላትን ከፍታ በስንዝሩ ሊለካ ቢል ስንዝሩ ሳይዘረጋ መኪናዋ አለቀች። 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ኮፈኗ ሲከፈት ግን ሁለታችንም ዝም አልን። የዚህች መኪና ሞተር ተኝቶ ነው የሚሠራው። ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚመላለሱት፤ ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ኩርባ ላይ እንዳትዋልል ነው። ብልህ ሥራ ነው፤ ሰው የሠራውን ማድነቅ አይከፋም። መካኒኩ ግን ካንዴላዎቹን በዓይኑ ፈልጎ አጣቸው። ኋላ በሞተሩ ጎንና ጎን ተሸጉጠው ሲያገኛቸው እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አወጣና የተጫረ ቆዳውን እያየ «ይህን የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ቤተሰቡን ይሰናበት» አለ።

«ቤንዚንም ትመርጣለች» አለ ደላላው በኩራት። «ኦክቴኑ ከፍ ያለ ሲሆን ነው ደስ የሚላት።»

ማደያ ደጅ ተሰልፎ ለሚውል የሐዋሳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። እኛ «አለ?» ብለን ነው የምንጠይቀው፤ «ጥሩ ነው?» ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልሰማሁም። ከነጭራሹ ያጣ ሰው መንገድ ዳር በውኃ ላስቲክ ተሞልቶ የቆመውን ይገዛል፤ ላስቲኩ ላይ ደግሞ ስለ ኦክቴን የተጻፈ ነገር የለም።

ከዚያ ገባን። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ ማለት ይከብደኛል፤ ወረድኩበት። እግሬ ወደፊት ተዘረጋ፣ ዓይኔ ከባጃጅ ጎማ ጋር ትክክል ሆነ። ደላላው «አራት ሰው ትይዛለች» ብሎ ስለነበር ቃሉን ለማስከበር ከእኔ ኋላ ገባ። ሞላ ያለ ሰው ነው። እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ገባና ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። መካኒኩ ቀጭን ስለሆነ ከአጠገቡ ተሸጎጠ። ልጁ ሞተሩን ሲያስነሣው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ በእኔ ዕድሜ ልብ ይሁን ጨጓራ ለመለየት ያስቸግራል።

ፒያሳን አልፈን ወደ ገብርኤል በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ላይ ልጁ ነዳጅ ሰጣት። ጀርባዬ ከወንበሩ፣ ወንበሩም ከደላላው ጉልበት ጋር ተጣበቀ። «እትዬ እውነቷን ነው» ብዬ ምስክርነቴን በሆዴ ማዘጋጀት ስጀምር የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ መጣ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ጉዞ ፍጥነት የሚለውን ቃል ለመጠቀም ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ይህችን መኪና በጉብታ ላይ ማሳለፍ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ትቆማለህ። መሪውን እስከ ጥጉ አዙረህ አንዱን ጎማ ብቻ ታወጣለህ፤ እሱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ እንዲህ እያለ በአግድም ይታለፋል። በዚህ መካከል መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ስለምትዘጋው ከኋላ ያለውም ከፊት የሚመጣውም ጥሩምባውን ይነፋል። ደላላው «ቀኝ! ቀኝ! ያዝ! ልቀቅ!» ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ «ኮፓዋን! የዘይት ኮፓዋን!» እያለ ራሱን ይይዛል። ባጃጆች በግራም በቀኝም አለፉን። ሐዋሳ ምን ያህል ጉብታ እንዳላት ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ በዲኤክስ ሲኬድ የትኛው ጉብታ፣ የትኛው የመኪናዋ የራሷ ሕመም እንደሆነ አይለይም።

አሞራ ገደል ስንደርስ አንድ አባ ኮዳ መንገዱ መካከል ቆሞ ጠበቀን። እነዚህ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ለምደው ሰው መፍራት ከተዉ ቆይተዋል። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የመኪናዋ ጣራ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚያየን ወደ ታች ነበር። ጥሩምባ ነፋንለት። ራሰ በራውን ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ በመስኮቱ ከእኔ ኋላ ያለውን ደላላ ረጋ ብሎ ተመለከተው፤ ደላላው መስኮቱ ይዘጋ አለ።

በመልሱ ወደ እትዬ ሰፈር በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ፣ አንዱን ጉብታ በአግድም እየለካን ሳለ ብሎኬት የጫነ የአህያ ጋሪ ከኋላችን መጣ። አህያዋ ጉብታውን ስትወጣ እርምጃዋን እንኳን አላጓደለችም። ጋሪ ነጂው ልጅ ካለፈን በኋላ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ልጎትታችሁ?» አለኝ። ሲያሾፍ አይደለም፣ ከልቡ ነው። የእህቴ ልጅ ጆሮ ከመኪናዋ በላይ ቀላ።

የቀረን የመጨረሻው ጉብታ ነበር። እሱን መንግሥት አይደለም የሠራው። «ልጆቻችንን መኪና እንዳይበላብን» ብላ ቤት ለቤት እየዞረች ገንዘብ ሰብስባ ያሠራችው ራሷ እትዬ ናት፤ አሠሪዋን ያውቃል፣ ምሕረት የለውም። የፊቱ ጎማ አለፈ። የኋላው ሳይደርስ ሆዷ ጉብታው ላይ ቁጭ አለ። ወደፊትም እምቢ፣ ወደኋላም እምቢ።

«ሰው ይውረድ፤ ክብደት ሲቀንስላት ሞላዋ ራሱ ያነሣታል» አለ መካኒኩ። ትክክል ነበር። ልጁ ወረደ። መካኒኩ በእሱ በኩል ሾልኮ ወጣ። ክብደቱ ግን ያለው ደላላው ጋ ነው፤ ደላላው ደግሞ እኔ ወጥቼ ወንበሩ ካልታጠፈ መውጫ የለውም፤ እኔም ለመውጣት መነሣት ነበረብኝ። የበሩን ጫፍ ይዤ ሞከርኩ፣ ወገቤ አልተባበረም። ደላላው ከኋላ በጉልበቱ እየገፋ «በርቱ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» ይለኛል። በመጨረሻ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ወርደው አንዱ ብብቴን፣ ሌላው እግሬን ያዘ።

ይህን ጊዜ አንዲት ጎረቤት በበሯ ብቅ ብላ አየችና ለእትዬ ደወለች። የተናገረችው ቃል በቃል እውነት ነው፦ «ወንድምሽን ከመኪናው ውስጥ ጎትተው እያወጡት ነው።»

እትዬ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ እሷም ሆነች አብረዋት የነበሩት ሴቶች ለመነሣት ብዙ ዝግጅት አላስፈለጋቸውም፤ ነጠላው በሐዘን አጣፋ ተጣፍቷል፣ እንባውም ዝግጁ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ወገቤን ሳፍታታ ደረሱ። ስሜ እየተጠራ ሲለቀስልኝ ሰማሁ። ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር የሚባለው፤ ትንሽ ላዳምጥ ብል ልጁ «ደህና ነው!» ብሎ አበላሸው።

«ምን ገጫችሁ?» አለች እትዬ።

«ምንም።»

«በስንት እየበረረ ቢመጣ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እትዬ፣ ጋሪ ቀድሞናል» አለ መካኒኩ።

በዚህ መሐል ደላላው በአራት ሰው እርዳታ ወጣ። መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ከፍ አለችና ከጉብታው ለቀቀች። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ከለቅሶ እንደመጣች ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፏን ያዘች። እትዬ ግን አላየቻቸውም። መኪናዋን ዞራ ዞራ እያየች ነበር። ጎንበስ ብላ ሥሯን አየች፣ ጉብታዋን አየች፣ ጋሪው የሄደበትን አቅጣጫ አየች። ፊቷ ቀስ በቀስ በራ።

«በዚህችስ የትም አይደርስም!» አለች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «እሰይ! ይቺንማ ይግዛ!»

ያን ቀን ማታ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከባጃጆቹ አንዱ ውስጥ የነበረ የልጁ ጓደኛ አህያዋ ስትቀድመን ቀርጾን ኖሮ በቴሌግራም ለቀቀው፤ ሳይነጋ ይርጋለም ያሉ የቡና ነጋዴዎች ሳይቀሩ ለአባትየው እየደወሉ የአህያዋን ዋጋ ጠየቁ። ልጁ የስፖርት መኪና የሚባል ስም እንዳይነሣበት አለ። «ቪትዝ ይበቃኛል» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

«ቪትዝማ ይሮጣል!» አለች እትዬ ደንግጣ። «ጉብታም አይዘው!»

አሁን የምትፈልገው የስፖርት መኪናዋን እንዲገዛ እንዳግባባው ነው። የዋጋውን ነገር ባነሣባት «የልጄ ነፍስ ይበልጣል» አለችኝ፤ የመለዋወጫውን ባነሣባት «ጭራሽ ቆማ ትቅርለታ» አለችኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተጠርቻለሁ። ደላላውም ተጠርቷል፤ እሱ ግን እሺ ከማለቱ በፊት በማን መኪና እንደሚወሰድ ጠይቋል።