የቀኙ ጆሮ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቤተ መዘክር ጓዳ ቅሪተ አካልን ከድንጋይ የማላቀቅ ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ወር፣ ከመዳፌ የማይበልጥ የራስ ቅል ተሰጠኝ። ባድላንድስ ከሚባለው የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ምድረ በዳ የመጣ፣ ሄስፐሮሲዮን የተባለ ከምድር የጠፋ እንስሳ ነው፤ «የምዕራብ ውሻ» ማለት ነው። በዚያ አካባቢ በብዛት ስለሚገኝ ለጀማሪ እጅ አይሳሱለትም።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በሕይወት ሳለ ያየው ሰው ቢኖር ጥርኝ መስሎት ባለፈው ነበር፤ እግሩ አጭር፣ ጅራቱ ረጅም፣ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ እምብዛም የማያልፍ። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኤድዋርድ ኮፕ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ሲሰይመው ግን ከውሻና ከተኩላ ወገን ነበር የመደበው። የውሻ ቤተሰብ መነሻው ሰሜን አሜሪካ ስለሆነ፣ የባሌው ቀይ ቀበሮም የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው እያልኩ ባልደረቦቼን አሰለቸኋቸው።

ጥርሶቹን አሳምሬ አወጣሁ። ሥጋ መቁረጫዎቹ እንደ መቀስ ሲገጥሙ ሳይ ልቤ አበጠ። ከራስ ቅሉ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ባቄላ የምታህል እብጠት ነበረች። የደረቀ ጭቃ መሰለችኝ። ኃላፊዬ ምሳ ወጥተዋል። በአየር ግፊት የሚሠራውን መርፌ አስጠጋሁባት፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈረካከሰች። እንዲያውም ቶሎ በመልቀቋ ደስ አለኝ።

ሴትየዋ ተመልሰው አጉሊ መነጽራቸውን አጠለቁ። ዝም አሉ። ከዚያ «የቀኝ ጆሮው የት ሄደ?» አሉኝ።

እብጠቷ የመካከለኛውን ጆሮ የምትሸፍን ስስ አጥንት ኖራለች። በብዙዎቹ ጥንታዊ ሥጋ በሎች ይህ ሽፋን ሙሉ በሙሉ አጥንት ስላልሆነ ከቅሪቱ ጋር አይገኝም። በዚህኛው ግን አጥንት ነው፤ በውስጡም ዝቅ ያለ ግድግዳ አለው። ጥርኝ ሳይሆን ውሻ ነው ለማለት ባለሙያዎች አስቀድመው የሚያዩት እሱን ነው።

ቢቆጡኝ በቀለለኝ። አልተቆጡም፤ የድንጋይ ትቢያ የሚጠራቀምበትን ትሪ ወደ እኔ ገፉት። ሥራው እስኪያልቅ ትሪ አይደፋም የሚለው ደንብ እስከዚያ ቀን ድረስ የአሮጊት ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በወንፊትና በማይክሮስኮፕ ስለቅም አሥራ አንድ ስብርባሪ አገኘሁ፤ በአሴቶን በሚሟሟ ሙጫ አያያዝኳቸው። የጥፍር ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ግን ሳትሞላ ቀረች።

የግራው ጆሮ ገና በድንጋይ እንደተሸፈነ ነበር። ለሌላ ሰው ይሰጡታል ብዬ ጠበቅሁ። «አንተው ታወጣዋለህ፤ በእጅ መርፌ ብቻ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በመዝገቡ ካርድ ላይ «የቀኝ ጆሮ አጥንት፤ በጽዳት ወቅት ተሰብሮ የተጠገነ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ከጎኑ ያለው ስምም እንዲሁ።